የኩል ብልቃጧ ዕድገት

ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው የወረዳችን ጽሕፈት ቤት በቅርስ ምዝገባ ያስመዘገበው ድል ለትውልድ መተረክ አለበት። ዕቅዳችን በግማሽ ዓመት አሥር ቅርስ መመዝገብ ነበር። ሪፖርቱ ሊላክ ሳምንት ሲቀረው የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወይዘሮ ወይንሸት የኩል ብልቃጥ።

ብልቃጧ አረንጓዴ መስታወት ናት፤ ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም። የነሐስ መኳያዋ በደረቀ ኩል ተይዞ አንገቷ ውስጥ ቀርቷል። ወይዘሮ ወይንሸትም፣ እናታቸውም፣ አያታቸውም በሠርጋቸው ቀን የተኳሉት በእሷ ነው። ጥር ላይ ተረኛዋ ልጃቸው ሶስና ናት።

«ተመዝግባ ትመለሳለች አይደል?» አሉ።

«እትዬ ወይንሸት፣ መንግሥትን ይጠራጠራሉ?» አሉ ኃላፊያችን አቶ ማርቆስ። ጥርጣሬ የኪራይ ሰብሳቢነት ታናሽ ወንድም መሆኑን ለግማሽ ሰዓት አብራሩላቸው።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ገብረወልድ ግን ችግር አገኘ።

«ቅጹ ብልቃጥ ለብቻ፣ መኳያ ለብቻ ነው የሚለው። እንደ አንድ አልረከብም።»

«ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፋት ራሷ ትለቀዋለች፣ ልጄ።»

«ውሃ መመሪያው ላይ የለም።»

መመሪያ አክባሪ አያሳጣን! ብልቃጧን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ መኳያውን ሳበ። ሊኩሉ ሄደው ዓይን አጠፉ የሚባለው ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ወይንሸት ጮኹ፤ ብልቃጧ ወለሉ ላይ ተበታተነች።

አቶ ማርቆስ አልደነገጡም። «ቁጠር» አሉ።

ከነመኳያው አሥራ አንድ። ለየስባሪው መለያ ቁጥር ተለጠፈለት፤ ክንውናችንም መቶ አሥር በመቶ ሆነ። አንዲት ብልቃጥ በአንድ ከሰዓት ባለሁለት አሃዝ ዕድገት ስታስመዘግብ ያየ ሌላ ወረዳ ካለ እጁን ያውጣ። ከበላይ አካል የመስታወት ዋንጫ ተላከልን።

በሠርጉ ሳምንት ወይዘሮ ወይንሸት መጡ።

«ሶስና በምን ትኳል?»

«የአሥራ አንድ ቅርስ ባለቤት ሆነው እንዲህ ይላሉ?» አሉ አቶ ማርቆስ፤ ያጽናኑ መስሏቸውም ዋንጫውን አስያዟቸው።

ወይዘሮ ወይንሸት ዋንጫውን አገላብጠው አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በሩ ላይ ቆሜ እኔ አፈርኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ለቀቁት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። «ዋንጫችሁ በዛላችሁ።»

ቁጥር አሥራ አንድ የተለጠፈበትን መኳያ ከጠረጴዛው አንስተው ወጡ። የከለከላቸው የለም። ገብረወልድ ተንበርክኮ መቁጠር ጀምሯል።