መቅዘፊያ በደረቅ መሬት

(ፓናይ ደሴት፣ የባሕር ጠረፍ ከተማ። እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ቴልሞ ዋና ከተማ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርቶ በጡረታ የተመለሰ፣ ያላወቀው ነገር የሌለ የሚመስለው ሰው ነው። አዲስ በገዛው ባዶ መሬት ላይ በጃንጥላው ጫፍ የሳሎኑን ልክ ያሰምራል። ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቀው የአጎቱ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁ ኪኮይ፣ መቅዘፊያ በትከሻው አድርጎ ከኋላ ከኋላው ይላል። ታላቁ ስለሆነ «ማኖንግ» ይለዋል።)

ቴልሞ፦ እኮ መሬት ለማየት መቅዘፊያ ምን ያደርጋል?

ኪኮይ፦ ይሁን ማኖንግ፣ አይከብደኝም።

ቴልሞ፦ አስቀምጠው። ሰው ቢያየን ምን ይላል?

ኪኮይ፦ አባቴም እዚህ ሲመጣ ይዞ ነበር የሚመጣው።

ቴልሞ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚሉት ላንተ ነው። ያቺን ጀልባህንስ ማን ግቢዬ ውስጥ አስቀምጥ አለህ? ሳሎኔ መሀል ተጋድማለች።

ኪኮይ፦ ትናንት አመሻሽ ላይ ነው ያሰርኳት።

ቴልሞ፦ ከባሕሩ እስከዚህ ድረስ ጎተትካት? እግዜር ጉልበቱን ሲሰጥህ ጭንቅላቱን ረስቶታል።

ኪኮይ፦ አልጎተትኳትም።

ቴልሞ፦ በክንፏ መጣች በለኛ። ተወው፣ ይልቅ አጥሩን እየው። ዙሪያውን የአፈር ካብ። መሬቱን የሸጠልኝ ሽማግሌ በነጻ ለቆልኛል።

ኪኮይ፦ እሱ እንኳ አጥር...

ቴልሞ፦ በሩም ያውልህ። ክፍተቷን አየሃት? ለአናጢ መዝጊያ አዝዣለሁ።

ኪኮይ፦ በሩስ ደህና በር ነው። ድሮ ይሄ ቦታ...

ቴልሞ፦ ድሮን ተወው። እናንተ እዚህ ድሮ ድሮ ስትሉ ነው ያረጃችሁት።

ኪኮይ፦ ሽማግሌው ላይኛውን መሬት አላሳየህም? ኮኮናት ያለበትን?

ቴልሞ፦ አሳየኝ እንጂ፣ በእጥፍ ዋጋ። ዛፍ ስቆርጥ ልክረም እንዴ? ይሄ ወለል ብሎ ተዘርግቶ፣ አንድ ችግኝ እንኳ የለበትም።

ኪኮይ፦ ለምን ይመስልሃል?

ቴልሞ፦ ለኔ ብሎ ነዋ።

ኪኮይ፦ ከሰዓት መጥተህ አይተኸዋል?

ቴልሞ፦ አንተም እንደሱ ጀመርክ? ሽማግሌው ሦስቴ ለመነኝ፤ «ከመፈረምህ በፊት ከሰዓት መጥተህ እየው» እያለ። እኔን አያታልለኝም፤ እስከዚያ ዋጋ ሊጨምር ነው። በማግስቱ ጠዋት ገና ሩዙን ሳይጨርስ ደርሼ አስፈረምኩት። «ገዢም ሻጭም ቃሉን አያጥፍ» የምትለዋን መስመር እኔው ነኝ ያስገባኋት።

ኪኮይ፦ አንተው?

ቴልሞ፦ መማር ለዚህ ነው።

ኪኮይ፦ ሚስትህስ አይታዋለች?

ቴልሞ፦ ሉሚንግ ቅዳሜ ታየዋለች። ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ስትከራይ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ የባሕር ዳር ቤት። ሰው ጠርተሃል አይደል?

ኪኮይ፦ አርባ ሰው። የገዛኸውን የሣር ቤት እንደ ልማዳችን እንዳለ በቀርከሃ አንስተን በትከሻ እናመጣዋለን። ግን ማኖንግ፣ ጫማህ...

ቴልሞ፦ ጫማዬ ምን ሆነ? (ጎንበስ ብሎ ያያል።) ማነው እዚህ ውሃ የደፋው?

ኪኮይ፦ ባሕሩ።

ቴልሞ፦ በየት ገባ?

ኪኮይ፦ በበሩ።

(ውሃው ሳሎኑን አጥለቅልቆ ወደ ጓዳው ያልፋል። የጃንጥላው መስመር ጠፍቷል። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትነሳለች። ኪኮይ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቴልሞ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል።)

ኪኮይ፦ የዓሣ ኩሬ ነበር። ግድቡ ከተነደለ ወዲህ ባሕሩ ጠዋት ይወጣል፣ ከሰዓት ይገባል።

ቴልሞ፦ እያወቅክ ዝም አልከኝ?

ኪኮይ፦ መች ዝም አልኩ፤ ማን አስጨረሰኝ።

(ቴልሞ የውል ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ እንዳይርስ ከራሱ በላይ ይይዘዋል።)

ኪኮይ፦ «ሞኝና ወረቀት» አልከኝ። እኔ የያዝኩት መቅዘፊያ ነው።

ቴልሞ፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ሉሚንግን ምን እላታለሁ?

ኪኮይ፦ የባሕር ዳር ቤት አይደል የለመነችህ? ባሕሩን ራሱን ገዝተህላታል። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው።

ቴልሞ፦ አትቀልድ። ሰዎቹስ?

ኪኮይ፦ እሱን ንገረኝ እንጂ። ጠዋት ከሆነ ቤቱን በትከሻ ያመጡታል። ከሰዓት ካልክ ግን መቅዘፊያ ይዛችሁ ኑ እላቸዋለሁ።

(ቴልሞ ጫማውን በእጁ ይዞ ጀልባዋ ላይ ይወጣል። ኪኮይ በካቡ ክፍተት በኩል ይቀዝፋል።)

ቴልሞ፦ ያዘዝኩትን መዝጊያ ልሰርዘው መሰለኝ።

ኪኮይ፦ እንዳትሰርዝ። በሩ ካልተዘጋ ውሃው ሲመለስ ዓሣዎቹ ይወጡብሃል። ላይኛውን መሬት የሚገዙልህ እነሱ ናቸው።