የፊልሙ አባት ማን ነው?

እኛ ከሰው ጋር ስንተዋወቅ ስሙ ብቻ አይበቃንም። የአባቱን ስም እንጠይቃለን፤ ቀጥሎ አገሩን፤ አገሩን ከነገረን ደግሞ «ከየትኛው ወገን?» ብለን ወንበራችንን እናስጠጋለን። እርስዎም እንዲሁ ነዎት፤ አይካዱ። ካርቱም ከመጣን ወዲህ ይሄ አመል ብሶብናል፤ አሁንማ ዕቃ እንኳ አይተርፈንም። አንድ ትልቅ ሱቅ የራሱን ስም የጻፈበት ብስኩት ሲሸጥ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ዱቄት አቡክተው ያውቃሉ?» እንላለን። አያውቁም። ሌላው ይጋግራል፣ እነሱ ስማቸውን ይለጥፉበታል። ብስኩቱ ግን የማንም ይሁን የማን ይበላል።

የፎቶ ፊልም ነው እንዲህ በቀላሉ የማይበላው።

ሃይሰም የሰፈራችን የአርካዊት ልጅ ነው። እናቱ እትዬ ዘነቡ የጎንደር ሰው ናቸው፤ አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሱዳናዊ ነበሩ። እንጀራው ሠርግ በዲጂታል ካሜራ ማንሳት ነው፤ ለራሱ ደስታ ግን የሚያነሳው በድሮው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ታዲያ የካርቱምን ሙሽራ ሁሉ ያነሳው ይህ ልጅ ከፓስፖርቷ ጉርድ ፎቶ በቀር የእናቱ ፎቶ አልነበረውም። እትዬ ዘነቡ ካሜራ ሲያዩ ወደ ጓዳ የሚገቡ ሰው ናቸው። ጎንደር ካለችው እህታቸው ጋር ጠቅልለው ሊኖሩ ሲወስኑ ግን ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ። «አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ኸላስ፣ በቃ» አሉት። ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ ሻሻቸውን አውልቀው፣ እየሳቁም ጭምር ተነሱለት። ሃይሰም የነበረውን አንድ ፊልም እሳቸው ላይ ጨረሰ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ፊልሙ ዘመድ ከአውሮፓ ያመጣለት ነው፤ ላዩ ላይ ያለው የካሜራ ሱቅ ስም ነው። ሱቅ ደግሞ ፊልም አይሠራም፤ ከአንዱ ፋብሪካ ገዝቶ ስሙን ያትምበታል፤ ከየትኛው እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። በሃይሰም የማጠቢያ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የየፋብሪካው ፊልም ስንት ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት ተጽፏል፤ የሱቁ ስም ግን የለም። እንግዲህ የፊልሙ አባት ካልታወቀ ደቂቃው አይታወቅም። ደቂቃው ካነሰ ምስሉ ይሳሳል፤ ከበዛ የእትዬ ዘነቡ ፊት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ወላሂ እማ ሁለተኛ አትነሳልኝም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ከፊልሙ ጫፍ ትንሽ ቆርጦ ይሞክር ነበር። እኛ ሽማግሌ ሰበሰብን።

በአንድ ወገን አቶ ገብሬ ተቀመጡ። በፖለቲካ የተሰደዱ፣ ጀርመን አገር የተማሩ ሰው ናቸው። የፊልሙን ካርቶን አገላብጠው የፊደሎቹን አሰላለፍ መረመሩና «ይህ ሥርዓት የጀርመን ነው፤ ስምንት ደቂቃ» አሉ። በሌላው ወገን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ስቱዲዮ የነበራቸው፣ ከእኛ ሰው ጋር ሲኖሩ አማርኛ የለመዱት ሱዳናዊው ዓሚ ኢድሪስ ነበሩ። የፊልሙን ቆርቆሮ አንስተው አሸተቱት። «ኢንግሊዝ ነው ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፤ አስራ ሁለት» አሉ። ሁለቱም ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ሻይ መጣ፣ ሻይ ሄደ። አቶ ገብሬ እንግሊዞችን በቅኝ ግዛት ከሰሱ፤ ዓሚ ኢድሪስ ጀርመኖችን በሁለት የዓለም ጦርነት ከሰሱ። ፊልሙ በዚህ ሁሉ መሀል ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

እኔ ሰብሳቢው ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረግሁ። ከወዲህም ከወዲያም ጥቂት ጥቂት አስለቀቅሁና አስር ደቂቃ ፈረድሁ። ሁለቱም አጉረመረሙ፤ ደህና ፍርድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በካርቱም ሙቀት የቧንቧው ውሃ ሊፈላ ጥቂት የቀረው ስለነበር መድኃኒቱን በበረዶ አቀዘቀዝነው። ሃይሰም መታጠቢያ ቤት ሆኖ ፊልሙ ያለበትን የማጠቢያ ዕቃ ሲወዘውዝ በሩ ላይ ተኮልኩለን ቆምን። ፊልሙን አውጥቶ ወደ መብራቱ ሲያነሳው እናቱ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው ነበር። ልጁ እየዘለለ ሦስታችንንም ግንባራችንን ሳመን።

«አላልኩም? ጀርመን ነው» አሉ አቶ ገብሬ።

«ኢንግሊዝ ባይሆን እንዲህ ይወጣ ነበር?» አሉ ዓሚ ኢድሪስ።

እትዬ ዘነቡ ሊሄዱ ሲሉ ለስንብት ቤታቸው ተሰበሰብን። ክርክሩም አብሮን መጥቷል። ሃይሰም አንዱን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ሰጣቸው። ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺን ከየት አመጣሃት?» አሉ።

«እማ፣ አንቺ እኮ ነሽ።»

«አይደለሁም» አሉ። «እናቴ ናት። ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችብን።»

ፎቶውን ቦርሳቸው ውስጥ ከፓስፖርታቸው ጋር ከተቱት፤ እህታቸው እንድታያት። አቶ ገብሬ «ጀርመን» ሊሉ የከፈቱትን አፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉት።