ያልደረቀው ቀለምና አስተርጓሚው

የእንግሊዝኛ አስተማሪ በዓለም ላይ ከልቡ የሚፈራው አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው። ሌላውን እንደምንም ይችለዋል። ተቆጣጣሪ ቢመጣበት ሰሌዳውን ከጫፍ ጫፍ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ተማሪ አስቸጋሪ ጥያቄ ቢያነሳ «እሱን በሚቀጥለው ሳምንት እንደርስበታለን» ይላል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምስጋና ይግባውና መቼም አይመጣም።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ከአንድም ፈረንጅ ጋር በእንግሊዝኛ አውርቼ አላውቅም ነበር። ይህ ምን ይገርማል? በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆሞ ዋና እንደማስተማር ነው። እጅና እግር እንዴት እንደሚወራጭ ማሳየት ይቻላል፤ ውኃው እስካልመጣ ድረስ ማንም አይታዘብህም። የእኔ ውኃ የመጣው በደርግ ዘመን፣ በአንድ ክረምት ነው።

ዳይሬክተራችን ጓድ ዘውዴ ሰበሰቡንና ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ እንደሚመጡ ነገሩን። ጠዋት ጠዋት ለልጆቻችን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱን ያድሳሉ። ከሶሻሊስት አገር ተነስተው የኢምፔሪያሊስቶችን ቋንቋ ሊያስተምሩን የሚመጡት ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያን ጊዜ መጠየቅ የሌሎች ሥራ ነበር፤ የእኛ ድርሻ መመለስ ነው። ጓድ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉና ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛ፣ የእንግዶቹ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ በወሩ መጨረሻ የቋንቋ መምህራን ብቃት ይገመገማል፤ ብቃት ያነሰው ወደ ጀልዴሳ ገጠር ይመደባል።

ጀልዴሳን ንቄ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ወተት የሚጠጣበት አገር ነው። ግን «በብቃት ማነስ» ተብሎ መሄድና በፈቃድ መሄድ አንድ ነው? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቲቸር» እያለ መንገድ የሚለቅልኝ የከዚራ ሰፈር ልጅ ሁሉ ምን ይለኛል? ያን ሳምንት እህል አልበላ አለኝ። ባለቤቴ ወባ የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ትዳስስ ነበር።

እንግዶቹ በባቡር ገቡ። መሪያቸው ማርታ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ጣቢያው ላይ እጄን ጨብጣ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ከሁሉም በደንብ የገባኝ ስሟ ነው። እኔም «የስ፣ ቬሪ ጉድ» አልኳትና በማግስቱ ጉሮሮዬን ታመምኩ። በድሬ ሙቀት፣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ በምትውልበት ወር፣ አንገቴን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬ መዞር ጀመርኩ። ማርታ ወደ እኔ ስትመጣ ጉሮሮዬን በጣቴ እያሳየሁ በሐዘን ራሴን እነቀንቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በገዛ ፈቃዴ ዴስክ እፍቃለሁ፣ ውኃ እሸከማለሁ፤ ባልዲ እንግሊዝኛ አይጠይቅም። ጓድ ዘውዴ ትጋቴን አይተው በስብሰባ አመሰገኑኝ። ፍርሃት ስንቱን ታታሪ እንደሚያስመስል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እኔን ያበሸቀችኝ ግን ፋጡማ ናት። ፋጡማ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ የመጋላ ሰፈር ሴት ናት። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም። ከማርታ ጋር ግን በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ ትንሽ በአረብኛ፣ የቀረውን በእጇና በቅንድቧ ስታወራ ትውላለች። ሁለቱም ይሳሳቃሉ! በሁለተኛው ሳምንት ማርታ እንደ ድሬ ሰው «አቦ» ማለት ለምዳ ነበር። ከተማው በሙሉ ከፈረንጆቹ ጋር እየተግባባ አስተርጓሚው ብቻ ሻርፕ ውስጥ ተደበቀ። አንድ ቀን ፋጡማ ጠርታኝ፣ እንደ ድሬ ወግ አንቱታውን ትታ፣ «አንተ አስተማሪ፣ ይቺ ልጅ ሁልጊዜ አንተን ነው የምትፈልገው። ምን አደረገችህ አቦ? ለምን ትሸሻታለህ?» አለችኝ። ጉሮሮዬን አሳየኋት። «ውሸትህን ነው» አለችና ሳምቡሳዋን ገለበጠች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወሩን ጨረስኩት። የቀረኝ የቅዳሜው የስንብት በዓል ብቻ ነበር። እንግዶቹ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከአገራቸው በቆርቆሮ ባመጡት አረንጓዴ ቀለም፣ ዴስኮቹን ቀቧቸው። ቅዳሜ ጠዋት ዴስኮቹ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተደርድረዋል፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በአዲስ ካኪ፣ ሽጉጣቸውን ታጥቀው መጥተዋል። ጓድ ዘውዴ አንዱን ዴስክ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ደርቋል» አሉ። ማንም አልተጠራጠረም። እኛ ድሬዎች ለጸሐያችን ያለን እምነት ወሰን የለውም። ገመድ ላይ ሳይደርስ ልብስ የሚደርቅበት ከተማ ውስጥ ቀለም አደረ ማለት አለቀለት ማለት ነው። ያ ቀለም ለብርድ አገር የተሠራ መሆኑን፣ ሙቀት ሲያገኝ ላዩ ደርቆ ሆዱ እንደሚቀልጥ፣ ከመካከላችን ማን ያውቃል?

ማርታ ንግግር ጀመረች። እኔ ከጎኗ ቆምኩ። «ትምህርት ቤት»፣ «ልጆች»፣ «ደስታ» የሚሉ ሦስት ቃላት ያዝኩ። በሌላ ዘመን ሦስት ቃል አያዋጣም። በዚያን ዘመን ግን ይበቃል፤ ንግግር ሁሉ አንድ ስለነበረ መሃሉን ማንም ይሞላዋል። እኔም ማርታ ከጭቁኑ የኢትዮጵያ ሕዝብ ጎን መሰለፏን፣ ወጣቱ ትውልድ የነገው ተስፋ መሆኑን፣ ወዳጅነታችን እንደ ብረት መጥበቁን አስረዳሁ። ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁልኝ። ይኼን ያህል ቀላል ከሆነ ወሩን ሙሉ ምን አስጨነቀኝ አልኩ።

ወዲያው ድምጿ ተለወጠ። ወደ ዴስኮቹ እየጠቆመች በጥድፊያ ትናገር ጀመር። ምንም አልያዝኩም! ሦስት መቶ ሰው አፌን ያያል፤ ሊቀመንበሩም አፌን ያያሉ። ምን ላድርግ? «ጓዲት ማርታ እነዚህ ዴስኮች የሁለቱ ሕዝቦች የወዳጅነት መቀመጫ ናቸውና በክብር እንድትቀመጡባቸው ትጋብዛችኋለች» አልኩ። ተቀመጡ። ማርታ እጆቿን አንስታ ደገመችው። «በደስታ ብዛት ስሜቷን መቆጣጠር አቅቷታል» አልኩ። ደማቅ ጭብጨባ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ጓድ ዘውዴ ተነስተው የግማሽ ሰዓት ሪፖርታቸውን ማንበብ ስለጀመሩ ተወችው። ያልተቀመጠች ፋጡማ ብቻ ነበረች። «አረፍ በይ እንጂ» ሲሏት «እኔ እግሬን አላመመኝም» አለች።

ሪፖርቱ አልቆ ሊቀመንበሩ ለመናገር ሲነሱ የሆነ ነገር ጥርርር አለ። ዞረው ዴስኩን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ሱሪያቸውን ዳሰሱና መዳፋቸውን ተመለከቱ። አረንጓዴ። ሌላውም ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ኋላውን ይዳስስ ጀመር። ነጭ የለበሱትን አለማንሳት ይሻላል። የሳቀ የለም፤ ሽጉጥ ፊት ማን ይስቃል? ከበስተኋላ አንድ ድምፅ ብቻ ቀስ ብሎ «አሻጥር ነው» አለ።

የዚያን ዘመን ሰው ይህቺ ቃል ምን እንደምትሠራ ያውቃል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ጀልዴሳ አይመደብም። የት እንደሚመደብ ለቤተሰቡ እንኳ አይነገርም። በዚያች ደቂቃ ጀልዴሳ እንዴት አማረኝ! ወተቱ፣ ጸጥታው፣ የብቃት ማነሱ ሁሉ አማረኝ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው፣ ማርታ ቀለሙ እንዳልደረቀ እያወቀች ለምን እንዳልነገረችን እንድጠይቃት አዘዙ። ጉሮሮዬ አሁን የእውነት ታመመ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ለሕያው ፈረንጅ ተናገርኩ፤ ለምን አልነገርሽንም አልኳት። ጉድ በሉ፣ ገባት! ዐሥራ አንድ ዓመት የተጠራጠርኩት እንግሊዝኛዬ የሠራው ሊሰቅለኝ ሲል ነው።

ማርታ አየችኝ። ስለ ቀለሙ ሦስት ጊዜ መናገሯን ከእኛ ወገን የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ። ሊቀመንበሩን አየች፤ ሽጉጡን አየች፤ አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ አየች። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን እስክይዝ እየጠበቀች፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መንገር ረስቼ ነው» አለች። ከጓደኞቿ መካከል ቁመተ ረጅሙ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ለካ እነሱም ዘንድ ጥፋት መዝጋቢ አለ።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩት። በዚያ ወር በትክክል የተረጎምኩት እሱን ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰቡና፣ እንግዳ ናትና፣ ቀለሙ የወዳጅነት ማኅተም ነው ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሁላችንም ሳቅን። ፋጡማ አልሳቀችም። ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንተ አስተማሪ፣ ሦስቴ ነገረችህ እኮ። እኔ እንኳ ገብቶኛል» አለችኝ። አፈርኩ። እስከ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት፣ ለዚያ ደብተር ባለቤትም ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ልነግር፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ሳጠና ነው ያደርኩት። ረጅሙ ሰውዬ ከጎኗ ቆሟል። ማርታ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳትና «ቬሪ ጉድ» አልኳት። ባቡሩ ሄደ።

እኔ ጀልዴሳ አልተመደብኩም። እንዲያውም ላሳየሁት የትርጉም ብቃት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ማርታ ምን እንዳገኛት አላውቅም። እንግሊዝኛ ልታስተምር መጥታ እኔን ያስተማረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው።» በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋታለሁ፤ ተማሪዎቼ ተነስተው በዜማ ይደግሟታል፤ አነጋገራቸውን አርማለሁ፤ በፈተናም አወጣታለሁ። እኔ ራሴ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልተጠቀምኩባትም።