ወላጅ ያስጠራው ስብስብ

እኛ አገር ጠያቂ የሚወደደው ሆስፒታልና እስር ቤት ብቻ ነው፤ ያውም ብርቱካን ይዞ ከመጣ። ክፍል ውስጥ ሲሆን ነገረኛ ይባላል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶች የእኛን ትምህርት ቤት አላዩ! እዚህ በመጠየቅ ተማሪነትም ይቀራል።

ሚዛን ተፈሪ ከተማ ታሪክ አስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ሒሳብ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ፕላዝማ ደግሞ እንደምታውቁት ይናገራል እንጂ አይሰማም። አንድ ቀን መብራት ጠፋና የሒሳቡ መምህር ታደሰ ራሱ ማስተማር ግድ ሆነበት። «ማንኛውንም ነገር ሰብስበን ስብስብ ማድረግ እንችላለን» አለ፤ «ተማሪዎችን፣ የቡና ዛፎችን፣ ስብስቦችንም ጭምር።» ምሕረት የምትባል የሸኮ ገበሬ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ስብስቦችን ሁሉ የሚይዘው ስብስብ፣ እሱም ስብስብ ነውና፣ ራሱንም ይይዛል?»

ክፍሉ ሳቀ። ታደሰ የተሳቀው በእሱ መሰለው።

«ውጪ! ወላጅ ሳታመጪ እንዳትመለሺ!»

አባቷ አቶ ጳውሎስ ፀሐይ ላይ ያሰጡትን ቡና ጥለው፣ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። የለቀማ ወቅት ነበር፤ የዚያ አገር ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። እኔም ላማልድ በገባሁበት የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቆመው «ልጄ ምን ሰረቀች?» አሉ።

«አልሰረቀችም» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ማንን መታች?»

«ማንንም። መምህሯን ጠየቀች።»

ሰውየው አማርኛው የጠፋባቸው መሰላቸው። ወደ እኔ ዞረው «‹ጠየቀች› ሌላም ትርጉም አለው እንዴ?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ይህች ጥያቄ እኮ የአውሮፓን የሒሳብ ሊቃውንት እንቅልፍ ነስታለች!» አልኳቸው ርዕሰ መምህሩን። «ሒሳብን በሎጂክ መሠረት ላይ አቆምኩ ያለ አንድ ሊቅ፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት እያለ የዚህች ጥያቄ እህት ደረሰችውና መሠረቱ ተናጋ። እሱ ግን እዚያው መጽሐፉ ላይ አምኖ ጻፈ እንጂ የጠያቂውን ወላጅ አላስጠራም!»

ርዕሰ መምህሩ እስክጨርስ ሰሙኝ። «አየህ» አሉ፣ «አውሮፓን ያናጋ ጥያቄ ለእኛ ትምህርት ቤት ይከብዳል።»

ምሕረት ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች፤ መጠየቅ የተፈቀደላት እሱን ብቻ ነው። አባቷን ቤታቸው ሲደርሱ የጠበቃቸው ዝናብ የደበደበው ቡና ነበር። እሷም ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም። እኔ በየመምህራን ስብሰባው ጮኽኩ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳ አልሰፈረም።

ሰኔ ላይ፣ ወላጅ በተሰበሰበበት፣ መምህር ታደሰ ምሕረትን ጠርቶ ሸለማት። አዳራሹ አጨበጨበ። የሽልማቱ ምክንያት በድምፅ ማጉያ ተነበበ፦

«ለመልካም ጠባይ።»