ጥሬ የሚበላው ወንድሜ

እሳት የነካው ምግብ ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ግን የገጠመኝ የገዛ ወንድሜ ሆኖ አረፈው። ሰዒድ ስልኩ ላይ አይቶ ጥሬ ብቻ መብላት ከጀመረ ወዲህ የሚስቱን የዘይነባን ወጥ ቀምሶላት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሜዳ ወርዶ የሰው ማሽላ እሸት ሲግጥ ተያዘ። የማሳው ባለቤት አባ አህመድ ከሁለት ጥጆች ጋር በረት ውስጥ ዘጉበት። የአገሩ ደንብ ነው፤ ሰብል ውስጥ የገባ ከብት ጌታው መጥቶ ካልጠየቀ አይለቀቅም። ሰው ነው ብዬ ልከራከር ነበር፤ ግን በምን ማስረጃ?

ከዘይነባ ጋር ልናስፈታው ስንሄድ አባ አህመድ «ይሄ የማን ነው?» አሉን።

ዘይነባ በአጥሩ ቀዳዳ ትክ ብላ አየችው። «ወላሂ የኔ አይደለም፣ አባ። የኔ የበሰለ ነው የሚበላው» ብላ ወደ መጣንበት ባጃጅ ተመለሰች።

ሰዒድ እሸቱን ከአፉ አውጥቶ «ዘይነባ፣ የትናንቱ ሽሮ ተርፏል?» አለ።