ጌሾና የአጎቴ ስኳር

ሰው ምክርን እንደ ቆሎ ይመርጠዋል፤ የጣመውን ይቆረጥምና ቀሪውን ለመካሪው ይተውለታል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አጎቴን ጋሽ ጥላዬን ልገድላቸው ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

እኔ መሐል ሜዳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ማለትም አንድ ሲጠይቁኝ አሥር እመልሳለሁ። አጎቴ ሞላሌ ገብስ ያርሳሉ፤ የስኳር በሽታም አለባቸው። የሚካኤል ጽዋ ቤታቸው ደርሶ ተሰብስበን ሳለ፣ «እኔ ስኳር ልሼ አላውቅ፤ ከየት መጣብኝ?» አሉኝ።

መቼም አስተማሪ ዝም አይልም። በምራቅና በአንጀት ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር እንዳለ፣ የበሉትን ገብስ እየቆራረጠ ስኳር እንደሚያደርገው፣ ስኳሩም ወደ ደም እንደሚገባ አስረዳሁ። እዚህ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? አይ፣ ፖሊፊኖልን ጨመርኩ። በቅጠልና በፍሬ ልጣጭ ውስጥ ያለ፣ አፍ የሚያኮማትር ነገር ነው፤ ኢንዛይሙን ይዞ ሥራውን ሊያዘገየው ይችላል አልኩ። «ይችላል» የምትለዋን ግን ከእኔ በቀር የሰማት የለም።

አጎቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ጌሾስ ይኖረዋል?» አሉ። ሳይኖረው አይቀርም አልኩ።

በቃ፣ ጌሾ የገብስ ዘበኛ ሆኖ ተሾመ። በሽታውም መድኃኒቱም በአንድ የጠላ ጋን አብረው ከፈሉ የጤና ጣቢያው ኪኒን ለምን? ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የጠላውን ጌሾ እጥፍ እንዲያደርጉ ታዘዙ፤ ኪኒኑ ቆጥ ላይ ወጣ። አጎቴ ሰነፍ በሽተኛ አይደሉም። መድኃኒታቸውን በቀን ሦስቴ በጣሳ ይወስዱ ነበር፤ በበዓል ቀን ደግሞ ለጥንቃቄ ይጨምራሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ውኃ ጥሙ አልቆም አላቸው፣ ዓይናቸው ደበዘዘ፣ በመጨረሻም ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ ኪኒኑን ማን እንዳስተዋቸው ትጠይቃለች፤ እትዬ አስካለ ቀና ብለው እኔን አዩ። አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ፤ በግ እየሸጡ ያስተማሩኝ እኚሁ ሰው ናቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። በሚቀጥለው ወር ጽዋ ላይ ማኅበርተኛው ነገሩን በጥሞና መረመረ። ስሕተቱም ተገኘ፤ ለካ ጌሾው አንሶ ኖሯል። ስንት እጥፍ ይሁን ብለው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሁለተኛ እንዳልገድላቸው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

አጎቴ፣ «እሱ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው» አሉና ጣሳቸውን አቀበሉ።