ክቡር አቶ አትቸኩሉ እና የእህቴ ኮምፒውተር

የድሮው መሥሪያ ቤታችን የጽሕፈት መኪና ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ መስመሩ ሲያልቅ ደግሞ ደወሉ ቅጭል። ያን ጊዜ መኪና የሚመርጥ ሰው አልነበረም። ያለችው አንዲት ናት፤ እሷ ከታመመች ሁላችንም ሥራ ፈትተን ቁጭ ነው። ዛሬ ግን መምረጥ የሚባል ጣጣ መጣ፤ ከጣጣውም ጋር አማካሪ። «ኮምፒውተር ልገዛ ነው» ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ሁሉ፣ ሳይጠይቅ አንድ አማካሪ ይታዘዝለታል።

ለእኛ ግቢ የታዘዙት ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን ናቸው። ከአፋቸው ከማትጠፋው ቃል ወስደን «ክቡር አቶ አትቸኩሉ» የሚል ማዕረግ ሰጥተናቸዋል። «አትቸኩሉ፤ የተሻለ ሊወጣ ነው» ይላሉ። የግቢያችን ልብስ ሰፊ ለልጁ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲያማክራቸው ልጁ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር። አሁን ልጁ አግብቷል፤ ክቡርነታቸው ጉዳዩን አሁንም እያጠኑለት ነው።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ እህቴ ሆነ። እህቴ አዋላጅ ናት። ከፍተኛ ትምህርቷን በሩስኛ የምትማርበት ዕድል አግኝታለች፤ ዕድሉ የሚጸናላት ግን የቋንቋውን ፈተና ካለፈች ነው። ተፈታኙ በራሱ ኮምፒውተር፣ በሩስኛ ፊደል፣ ሰዓት እየተያዘበት ይጽፋል።

«ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» አለቻቸው፤ እኔ በዓይኔ «ተይ» እያልኳት።

«የሩስኛ ፊደል ከባድ ነው፣ ልጄ» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ከባድ ፊደል ደግሞ የሚሸከመው ማሽን ይፈልጋል። አትቸኩይ።»

ሱቅ ይዘናቸው ሄድን። ሻጩ ያቀረበላቸውን ሁሉ ከፍተው ዘጉ፤ በጣታቸው አንኳኩ፤ በመጨረሻም ጆሯቸውን ለጠፉበት። ገበያተኛው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ትንሽ ይዘገያል» አሉ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሰዓት አይደለም» አላቸው ሻጩ።

«አንተ ታውቃለህ» አሉት፣ እንደማያውቅ በሚያስታውቅ ድምፅ።

ሻጩ እህቴን ገለል አድርጎ እውነቱን ነገራት። የትኛውም ኮምፒውተር ሩስኛ ይጽፋል፤ ቋንቋውን ከማሽኑ ውስጥ መምረጥ ብቻ ነው። ቁልፎቹ ላይ የታተመው ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ፣ የሩስኛው የት የት እንዳለ በቃሏ ልትይዝ ነው። ክቡርነታቸው ሌላውን ማሽን እያዳመጡ ሳለ እህቴ ገዝታ ጨረሰች።

አኮረፉ። ለቀናት ደጃችንን አልረገጡም። ይህን ጸጥታ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ፣ ሲመጣ ቤቱ ጎደለብኝ።

እህቴ በበኩሏ ከቁልፎቹ ጋር ትግል ገጠመች። ሩስኛውን ታውቀዋለች፤ የማያውቀው ጣቷ ነው። አንዲት ፊደል ስታስስ ዓረፍተ ነገሩ ከራሷ ላይ ይበናል። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ከደነችና «በቋንቋው አይደለም የምወድቀው» አለችኝ፤ «በዚህ ኪቦርድ ነው።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ሲገለብጡት የሰዓት ጥርስ የሚፈስ መስሎኝ ነበር። የፈሰሰው ፊደል ነው። ከጥፍር የማይበልጡ ወረቀቶች፣ በያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ የሩስኛ ፊደል በቀይ ቀለም፣ በሰዓት ሠሪ እጅ ተጽፎ።

«ይቺ ጥንዚዛ የምትመስለው አስቸግራኛለች» አሉ አንዷን በወረንጦ አንሥተው። «እግሯ አልመጣልኝ ብሎ ስንቴ ቀደድኳት።»

«ጋሼ፣ የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ተቀይሜሻለሁ እንጂ፤ ሻጩ የነገረሽን ግን አንዱ ጆሮዬ ሰምቶታል። እጅሽን አንሺ፤ ልለጥፍልሽ።»

የሰዓት ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ ከሩስኛ መጽሐፏ ላይ ያለውን የቁልፎች ሥዕል እያዩ፣ ፊደሎቹን በየቦታቸው ለጠፉ።

ሙጫው ሲደርቅ እህቴ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ ቀጥሎ ሳትቆም። የጻፈችውን ተረጎመችልኝ፦ «እኔ አዋላጅ ነኝ። ብዙ ሕፃናትን ተቀብያለሁ።»

«ሌላ ጨምሪ» አልኳት።

ጨመረች። ጣቶቿ ሲሮጡ እያየሁ ቆየሁና፣ ደህናውን ወንበር ልስብላቸው ዞር አልኩ። ስለማንኛውም ማሽን የፈለጉትን ያህል ቢያማክሩኝ ልሰማቸው ቆርጬ ነበር። ክቡርነታቸው ግን ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጥተዋል፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እህቴም ቀና ሳትል ትጽፋለች።